አባቶችም ጎብኚውም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ፦ ባለ ሥዕል ብራና መጻሕፍትን ስለ መመዝገብ

ጥያቄ፦ «የማገለግለው በአንድ ጥንታዊ ገዳም ዕቃ ቤት ነው። ማኅበሩ ብራና መጻሕፍቱ እንዲመዘገቡ ወስኖ ሥራው ለእኔና ለሁለት ዲያቆናት ተሰጥቷል። ሥዕል ያለባቸው ብቻ ከሃያ ይበልጣሉ። ያሰብነው ሥዕሎቹን በሙሉ በስልክ ፎቶ አንሥተን፣ ከአንድ ጀምሮ ተራ ቁጥር ሰጥተን፣ የቅዱሱን ስምና ዘመኑን አጠገቡ ለመጻፍ ነው። ከሁሉ ያከራከረን አንድ ወንጌል ነው። አባቶች የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን መጽሐፍ ነው ይላሉ፤ ሊጎበኝ የመጣ አንድ ምሁር ግን ሥዕሎቹን አይቶ ‹ይህ ጎንደር ነው፣ ከሦስት መቶ ዓመት አይበልጥም› አለን። በመጨረሻው ቅጠል ላይ ‹በ፺ወ፬ ዓመተ ምሕረት› የሚል አለ፤ ቁጥሩ ስሕተት ስለ መሰለን ትተነዋል። ማንን እንመን? ተነቅለው ለብቻ የተቀመጡ ባለ ሥዕል ቅጠሎችም አሉ፤ ቦታቸውን ገምተን ብንሰፋቸውስ?»

ምላሽ፦

ቅጠሎቹን አትስፏቸው። ምክንያቱን ወደ መጨረሻው አስረዳለሁ፤ መርፌና ክር አዘጋጅታችሁ ከሆነ ግን አሁኑኑ ወደ ጎን ይቀመጥ።

ወንጌሉን በተመለከተ አባቶችም ምሁሩም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ፤ የተናገሩት ስለ ሁለት የተለያየ ነገር ነውና። አባቶች የሚያወሩት ስለ ጽሑፉ ነው፤ ምሁሩ ያየው ሥዕሉን ነው። ብራና መጽሐፍ በአንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያልቅ ዕቃ አይደለም። ቁም ጸሐፊው በአንድ ዘመን ይጽፈዋል፤ ለሥዕል የተተወው ገጽ ብዙ ትውልድ ባዶውን ቆይቶ በሌላ ዘመን ይሣልበታል፤ ኋላ የመጣ ባለጸጋ ወይም ወይዘሮ ደግሞ አዲስ ቅጠል አሥሎ ያስገባበታል፤ ክሩ ሲበጠስ እንደገና ይጠረዛል፤ የእንጨት ሽፋኑ፣ ገበታው፣ ሲሰበር ይለወጣል፤ ቆዳው በአዲስ ይደጎሳል። ስለዚህ «የመጽሐፉ ዘመን» የሚል አንድ ዓምድ ብቻ ያለው መዝገብ ገና ሳይሞላ ያሳስታል። በእናንተ መዝገብ ላይ ቢያንስ ሦስት ዘመን ለየብቻው ይጻፍ፤ የጽሑፉ፣ የሥዕሉ፣ የጥራዙና የሽፋኑ። ከእያንዳንዱም ጎን «በምን ማስረጃ» የሚል ቦታ ይኑር። ማስረጃ የሌለው ዘመን ከባዶ ቦታ የከፋ ነው፤ የሚቀጥለው ሰው እንደ ተረጋገጠ እውነት ይገለብጠዋል።

ስሕተት ነው ብላችሁ የተዋችሁት ቁጥር ደግሞ በእጃችሁ ካለው ሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ሊሆን ይችላል። ዛሬ ዓመተ ምሕረት ስንል ከልደተ ክርስቶስ የሚነሣውን ቆጠራ ማለታችን ነው። የቀድሞ ጸሐፍት ግን ብዙ ጊዜ በዚሁ ስም የሚቆጥሩት በባሕረ ሐሳብ፣ ማለት በቤተ ክርስቲያን የዘመን ስሌት፣ ዐቢይ ቀመር የሚባለውን የ532 ዓመት ዙር ነው። ዓመተ ሰማዕታት ከሚነሣበት ከ284 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሁለት ዐቢይ ቀመር ሲሞላ 1348 ላይ እንደርሳለን፤ አዲሱ ዙር ከዚያ ይጀምራል። 94ኛው ዓመት በዚህ ሒሳብ ከ1441 እስከ 1442 እ.ኤ.አ.፣ በእኛ አቆጣጠር ደግሞ 1434 ላይ ይውላል። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የነገሡት ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. ስለሆነ የአባቶች ቃልና የመጨረሻው ቅጠል ይስማማሉ። ሁለቱ 1434 እንዲያው የተገጣጠሙ እንጂ አንድ ዓመት እንዳልሆኑ ልብ በሉ። በመዝገባችሁ ውስጥ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ሳይገለጽ አንድም ዓመት እንዳይጻፍ አጥብቄ የምመክረው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን ሒሳብ በሌላ መንገድ ማረጋገጥ ይቻላል። በ1434 ላይ 5500 ሲደመር 6934 ይሆናል፤ ለአራት ሲካፈል ሁለት ይተርፋል። አንድ ሲተርፍ ዘመነ ማቴዎስ፣ ሁለት ሲተርፍ ማርቆስ፣ ሦስት ሲተርፍ ሉቃስ፣ ምንም ሳይተርፍ ሲቀር ዮሐንስ ነው። ስለዚህ ጸሐፊው በዚያው ማስታወሻ ዘመነ ማርቆስ ብሎ ከሆነ ቁጥሩ ጸና ማለት ነው፤ ሌላ ወንጌላዊ ጠርቶ ከሆነ ቁጥሩን እንደገና በብርሃን አስጠግታችሁ አንብቡ። የጨረቃ ስሌት ቁጥር የሆነውን አበቅቴውን፣ የንጉሡንና የጳጳሱን ስም፣ የአበምኔቱን ስም ጠቅሶ እንደሆነም ፈልጉ። የንጉሥ ስም ብቻውን ግን አይበቃም። ኢያሱ የሚለው አድያም ሰገድ ከሆነ ከ1682 እስከ 1706፣ ብርሃን ሰገድ ከሆነ ከ1730 እስከ 1755 እ.ኤ.አ. ነው፤ ስመ መንግሥቱ ካልተነበበ ሃምሳ ዓመት መሳት ቀላል ነው።

ሁለት ጥንቃቄ እዚህ ላይ ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ከእናት መጽሐፉ ሲገለብጥ የቀድሞውን ጸሐፊ ማስታወሻ እንዳለ የሚያሰፍር ጸሐፊ ስላለ፣ የማስታወሻው እጅና ቀለም ከዋናው ጽሑፍ ጋር አንድ መሆኑን ማየት፣ የፊደሉም ቅርጽ ለተባለው ዘመን የሚስማማ መሆኑን ማመዛዘን ይገባል። ሁለተኛ፣ በጸሎቱ መካከል በቀይ ቀለም የሚጻፈው የባለቤት ስም ብዙ ጊዜ ተፍቆ በሌላ ስም ይተካል። የተፋቀው ቦታ ብራናው ሻካራና ሳሳ ያለ ስለሚሆን ከጎን በመጣ ብርሃን ይታያል። የሚነበበው ስም የመጨረሻው ባለቤት እንጂ ያስጻፈው ሰው ላይሆን ይችላል። ከሥዕል ሥር ተደፍቶ የሚታየው ሰው ስምም እንዲሁ ነው፤ ስሙ ተለውጦ ምስሉ የቀድሞው ሰው ሆኖ የቀረ ስንት አለ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ሥዕሉ ከጽሑፉ ጋር አብሮ የተሠራ መሆኑን የሚናገረው የሥዕሉ መልክ ሳይሆን የመጽሐፉ አካል ነው። ጎብኚው ምሁር ሥዕሉን ብቻ አይቶ ስለ መጽሐፉ መፍረዱ ነው ስሕተቱ። እናንተ ጥራዝ በጥራዝ ቁጠሩ። የግእዝ መጻሕፍት ጥራዝ በአብዛኛው ከአራት ወይም ከአምስት እጥፍ ቅጠል ይሠራል፤ ስምንት ወይም ዐሥር ቅጠል ማለት ነው። ሥዕሉ ያለበት ቅጠል ከዚህ ሥርዓት ውጭ ነጠላ ሆኖ ከገባ፣ በሌላው በኩል ጠባብ ጠርዝ ብቻ ብቅ ብሎ ከታየ፣ ወይም ሁለት ቅጠል ብቻ የሆነ ጥራዝ ከፊት ከተቀጠለ፣ ኋላ የተጨመረ ነው ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው። ብራናውን በጣት መካከል ለኩት፤ ውፍረቱ፣ ጠጉር ያለበት ገጽ መልኩ፣ የተፋቀበት መንገድ ከጎረቤቱ ይለያል? በወስፌ የተወጉት ነጥቦችና የተሠመረው መሥመር በሥዕሉ ቅጠል ላይ አሉ ወይ? ጽሑፍ ሊጻፍበት ተሠምሮ ሳይጻፍበት የቀረ ገጽ ላይ የተሣለ ሥዕል አንድ ታሪክ አለው፤ ምንም መሥመር በሌለው ቅጠል ላይ የተሣለው ሌላ ታሪክ አለው።

ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር የሥዕሉ ጀርባ ነው። የወንጌላዊው የዮሐንስ ሥዕል ባለበት ቅጠል በሌላው ገጽ ላይ የሉቃስ ወንጌል መጨረሻ በዋናው እጅ ተጽፎ ከተገኘ፣ ቅጠሉ የመጽሐፉ የመጀመሪያ አካል ነው፤ ቀሪው ጥያቄ ሥዕሉ ያን ጊዜ ተሣለ ወይስ ባዶው ገጽ ኋላ ተሞላ የሚለው ብቻ ይሆናል። ጀርባው ባዶ ከሆነ ወይም በሌላ እጅ የተጻፈ የርስት፣ የስጦታ ወይም የዕቃ ዝርዝር ካለበት ግን ጥርጣሬው ይጠነክራል። ደግሞም እነዚያን ዝርዝሮች ሳትመዘግቡ አትለፏቸው። የሐይቅ እስጢፋኖስ አባ ኢየሱስ ሞዐ በ1280 ወይም 1281 እ.ኤ.አ. ለገዳሙ ያበረከቱት ባለ ሥዕል ወንጌል ለታሪክ ሰዎች እንዲህ የከበረው በሥዕሉ ብቻ አይደለም፤ በባዶ ቦታዎቹ ላይ የሰፈሩት የገዳሙ ማስታወሻዎች ሌላ ቦታ የማይገኝ ታሪክ ይዘዋል።

ሌሎች ትንንሽ የሚመስሉ ምልክቶችም አሉ። ከሥዕሉ በላይ የተሰፋ የሐር ወይም የጥጥ መጋረጃ ካለ መዝግቡት፤ መጋረጃው ጠፍቶ በላይኛው ጠርዝ ላይ የመርፌ ቀዳዳ ብቻ ከቀረም እንዲሁ። በቅጠሎች ዳር የተሰፉ ባለ ቀለም ክሮች አንባቢውን ወደ ሥዕሉ ወይም ወደ ምንባቡ የሚመሩ ናቸው፤ ክር ኖሮ አጠገቡ ሥዕል ከሌለ የጎደለ ቅጠል ሊኖር ይችላል። የሥዕሉ ቀለም በፊት ለፊቱ ገጽ ላይ ጥላውን ጥሎ እንደሆነ ተመልከቱ። ጥላው ያረፈበት ገጽ ዛሬ ከሥዕሉ ፊት ለፊት ካልሆነ ቅጠሉ ቦታውን ለቋል። በመሳለም ብዛት የደበዘዘ የእመቤታችን ፊት፣ ዓይኑ የተፋቀ ሰይጣን፣ የጧፍ ጠብታ፣ የዕጣን ጢስ፣ ይህ ሁሉ መጽሐፉ እንዴት ባለ አምልኮ ውስጥ እንደኖረ የሚናገር ስለሆነ «ጉዳት» ተብሎ በአንድ ቃል አይታለፍ። ለማጽዳትም አትሞክሩ።

ቅጠል ቦታውን መልቀቁ ለታላላቆቹም ያልቀረ ነገር ነው። ዐድዋ አጠገብ ያለው የአባ ገሪማ ገዳም ወንጌሎች ባለፉት ጥገናዎች ቅጠላቸው ተዛንፎ ስለነበር ባለሙያዎች ቅደም ተከተሉን መልሶ ለማቃናት ብዙ ደክመዋል። ስለ ዘመናቸውም ቢሆን ለረጅም ጊዜ ምሁራን ወደ 1100 እ.ኤ.አ. አካባቢ ያደርጓቸው ነበር፤ ከብራናው በተወሰደ ቅንጣት ላይ የተደረገው የራዲዮካርቦን ምርመራ ግን ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ አስቀመጣቸው። ይህ ለእናንተ ተስፋም ማስጠንቀቂያም ነው። ተስፋው፣ የገዳም ትውፊት በምሁር ግምት ፊት ቶሎ እጅ መስጠት እንደሌለበት ማሳየቱ ነው። ማስጠንቀቂያው፣ ይህ ምርመራ የሚናገረው እንስሳው የሞተበትን ዘመን ብቻ መሆኑ ነው፤ በአሮጌ ብራና ላይ አዲስ ሥዕል መሣል ይቻላል። ለገበያ ሲባል ከአሮጌ መጽሐፍ በተገነጠለ ቅጠል ላይ፣ ጽሑፉ ተፍቆ ወይም ከነጽሑፉ፣ ትናንት የተሣለ ሥዕል ተለጥፎበት የሚሸጠው በዚሁ ዘዴ ነው።

«ጎንደር ነው» የሚለው ፍርድስ ምን ያህል ይታመናል? የአሣሣል ስልት ሥዕሉ ከመቼ በፊት ሊሆን እንደማይችል በጥሩ ሁኔታ ይነግራል፤ ከመቼ በኋላ ሊሆን እንደማይችል ግን አይነግርም። ለምሳሌ በሮም ሜዲቺ ማተሚያ ቤት በ1590ና በ1591 የታተመው የዐረብኛ ወንጌል የእንጨት ቅርጽ ሥዕሎች ነበሩት፤ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሠዓሊዎቻችን እነዚያን ሥዕሎች እያዩ በራሳቸው መልክ ሠርተዋል። ያ አቀማመጥ የታየበት ሥዕል ከ1590 አይቀድምም። እመቤታችን እጆቿን አመሳቅላ መሐረብ ይዛ፣ ሕፃኑም መጽሐፍ ይዞ የሚታይበት የምስለ ፍቁር ወልዳ ዓይነት ከሮም የሳንታ ማርያ ማጆሬ ሥዕል የተቀዳ ሲሆን ወደ እኛ የደረሰው በኢየሱሳውያን በኩል ነው፤ እነርሱ ኢትዮጵያ የገቡት በ1557 እ.ኤ.አ. ነው። በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን የጎላው፣ ፊትን በጥላና በብርሃን የሚያለሰልሰው፣ ዳራውን ከቢጫ ወደ ቀይና አረንጓዴ የሚያሸጋግረው ስልት ደግሞ ከእርሳቸው በኋላም ለብዙ ጊዜ ተከታይ አላጣም። ስለዚህ በመዝገቡ ላይ «የጎንደር ዘመን» ብላችሁ አትጻፉ፤ «በሁለተኛው የጎንደር ስልት፣ ከ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የማይቀድም» በሉ። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ቀለምም እንዲሁ የታችኛውን ወሰን ሊሰጥ ይችላል፤ በፋብሪካ የሚሠራው ሰማያዊ አልትራማሪን በ1820ዎቹ የተገኘ ስለሆነ፣ በምርመራ ከታየ ሥዕሉ ወይም ቢያንስ ያ የቀለም እድሳት ከዚያ ወዲህ ነው። ይህን ግን በዓይን ለመፍረድ አትድፈሩ። የሠዓሊውን ስም ፍለጋም ጊዜ አታጥፉ፤ ስሙን የጻፈ ሠዓሊ ከስንት አንድ ነው፤ «በእገሌ እጅ» የሚለውን ከጽሑፍ ማስረጃ ውጭ አትመዝግቡ።

አሁን ስለ አሠራሩ። ሥዕሎችን ከአንድ ጀምሮ በተከታታይ ቁጥር የመስጠት ሐሳባችሁን ተዉት። ነገ አንድ ቅጠል ሲገኝ ወይም አንድ መጽሐፍ ሲጨመር ቁጥሩ ሁሉ ይናጋል፤ ከዚያም በላይ ሥዕሉን ከመጽሐፉ ነጥሎ እንደ ተንቀሳቃሽ ምስል ማየትን ያስለምዳል። ቁጥር የሚሰጠው ለመጽሐፉ ነው፤ ሥዕሉ የሚጠራው በቅጠሉ ነው። ቅጠል እንጂ ገጽ አትቁጠሩ፤ የፊቱን «ሀ»፣ የጀርባውን «ለ» በሉ፤ 12ሀ፣ 12ለ እያላችሁ። ባዶዎቹን፣ ከፊትና ከኋላ ለመጠበቂያ የገቡትንም ቅጠሎች ቁጠሩ። ቁጥሩ የሚጻፈው በለስላሳ እርሳስ፣ በትንሹ፣ በፊተኛው ገጽ የላይኛ ቀኝ ጥግ ነው። በእስክሪብቶ ፈጽሞ አይጻፍም። አባቶች በእርሳስም ቢሆን ካልፈቀዱ ፈቃዳቸው ይከበር፤ ንጹሕ የወረቀት ቁራጭ በየዐሥር ቅጠሉ አስገብታችሁ መቁጠር ትችላላችሁ።

የእያንዳንዱ መጽሐፍ መግለጫ ከሥዕሉ በፊት ይቅደም። ርእሱና ይዘቱ፣ የብራናው ቁመትና ስፋት በሴንቲ ሜትር፣ የቅጠሉ ብዛት፣ የጥራዞቹ አሠራር፣ የዐምዱና የመሥመሩ ቁጥር፣ የጽሑፉ ዓይነት ጉልሕ ወይም ረቂቅ መሆኑ፣ ገበታው፣ ቆዳው፣ ማኅደሩ፣ ማስታወሻዎቹ። ሐረጉን ከሥዕል ለዩት። ሐረግ የምዕራፍና የመጽሐፍ መጀመሪያ ጌጥ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሥዕሉ ከተሣለበት ዘመን ይልቅ ከጽሑፉ ዘመን ጋር የሚሄድ ስለሆነ ለብቻው ሲመዘገብ ለዘመን ፍለጋ ይረዳል። የጉንዳ ጉንዴ መጻሕፍት ከ15ኛው ወደ 16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መሸጋገሪያ ላይ በዚያ ረቂቅ ጥልፍልፍ ሐረጋቸው ከሩቅ ይታወቃሉ።

ከዚያ ሥዕሉ ይመጣል። መጀመሪያ የምታዩትን ጻፉ፤ ስሙን ኋላ። «ነጭ ፈረስ የተቀመጠ ወጣት፣ በጦር ዘንዶ ይወጋል» ካላችሁ በኋላ «ቅዱስ ጊዮርጊስ» በሉ። ይህ ጊዜ ማባከን ይመስላችኋል፤ አይደለም። ፈረሰኞች ሰማዕታት ብዙ ናቸው። ጥቁር ፈረስ ላይ ሆኖ ዘውድ የደፋ ንጉሥ የሚወጋው መርቆሬዎስ ነው፤ ንጉሡም ዑልያኖስ ነው። ሴት መሳይ መንፈስ የሚወጋው ሱስንዮስ፣ የተወጋችውም ውርዝልያ ናት። ፋሲለደስ፣ ፊቅጦር፣ ገላውዴዎስ፣ ቴዎድሮስ እየተከታተሉ ሲሣሉ ግን ጽሑፉ ካልተነበበ ማን ማን እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። ከጻድቃንም በአንበሶችና በነብሮች መካከል የቆመው ገብረ መንፈስ ቅዱስ፣ ክንፍ ያለው፣ አንድ እግሩ የተቆረጠው ተክለ ሃይማኖት፣ በአንበሳ የተቀመጠው ሳሙኤል ዘዋልድባ፣ በዘንዶ ወደ ደብረ ዳሞ የሚወጣው አረጋዊ ሳይምታቱ ይታወቃሉ። ካላወቃችሁ «ያልታወቀ ቅዱስ» ብሎ መጻፍ ነውር የለበትም። በግምት የተሰጠ ስም ግን በኋላ ለመንቀል አስቸጋሪ ነው።

በሥዕሉ ላይ ያለውን ጽሑፍ ፊደል በፊደል ገልብጡት። ጸሐፊው ሥዕልን በ«ሰ»፣ ኀይልን በ«ሀ» ጽፎ ከሆነ አታርሙት። እኛ ስሕተት የምንለው የፊደል አጠቃቀም ለሌላ ተመራማሪ የአካባቢና የዘመን ምልክት ነው። እጁ ከዋናው ጽሑፍ ጋር አንድ መሆኑን፣ ወይስ ኋላ የመጣ ሰው ለማስታወስ የጨመረው መሆኑን ለዩ። ለርእሰ ጉዳዩ የምትሰጡት ስም ደግሞ በሁሉም መጽሐፍ አንድ ይሁን። በአንዱ «ማርያም ከነልጇ»፣ በሌላው «ምስለ ፍቁር ወልዳ» ብትሉ ነገ ፈላጊው ግማሹን ያጣዋል። ቤተ ክርስቲያን የለመደችውን ስም ምረጡ፤ ምስለ ፍቁር ወልዳ፣ ኪዳነ ምሕረት፣ ኵርዓተ ርእሱ፣ ስቅለት፣ ትንሣኤ፣ አርባዕቱ እንስሳ።

ሥዕሉ ከአጠገቡ ካለው ጽሑፍ ጋር ያለውን ግንኙነትም መዝግቡ። ዳዊት በገና ሲደረድር በመዝሙረ ዳዊት መጀመሪያ መገኘቱ የሚጠበቅ ነው፤ በዚያው መጽሐፍ መካከል ጊዮርጊስ ቢገኝ ባለቤቱ ራሱን በአደራ የሰጠው ለየትኛው ቅዱስ እንደሆነ ሊነግረን ይችላል። በተአምረ ማርያም ውስጥ ያሉ ሥዕሎችን «ተአምር 7» ብሎ መመዝገብ ብቻውን አይበቃም፤ የተአምራቱ ተራ ከመጽሐፍ መጽሐፍ ይለያያልና። የተአምሩን የመጀመሪያ ሁለት መሥመር አብራችሁ ጻፉ። ነፍስ በሚዛን ስትመዘንና እመቤታችን ስታማልድ ካያችሁ የበላዔ ሰብእ ታሪክ መሆኑን ብታውቁትም እንኳ፣ ጽሑፉ በዚያው ገጽ ላይ መኖር አለመኖሩን አረጋግጡ።

ፎቶ መዝገብ አይደለም፤ የመዝገብ አጋዥ ነው። የጥራዙን አሠራር፣ የብራናውን ውፍረት፣ የተፋቀውን ስም ፎቶ ብቻውን አይናገርም። በስልክ ማንሣታችሁን አልቃወምም፤ ደህና ስልክ ይበቃል። ነገር ግን ሥዕሉን ብቻ ሳይሆን መጽሐፉን ሁሉ፣ ከገበታው እስከ ገበታው፣ ባዶውንም ቅጠል ጨምሮ አንሡ። ማስመሪያ ከጎኑ አኑሩ። ፍላሽ አትጠቀሙ፤ በመስኮት በኩል የሚመጣ የተበተነ ብርሃን ይሻላል፤ ፀሐይ ላይ አውጥቶ መዘርጋት ግን ብራናውን ያኮማትራል፣ ቀለሙንም ያራግፋል። መጽሐፉን በግድ አትዘርጉት፤ ከሁለቱም በኩል በታጠፈ ነጠላ ወይም በትራስ ደግፉት። እጅ ታጥቦ የደረቀ ይሁን፤ ጓንት የጣትን ስሜት ስለሚያደነዝዝ ለብራና አልመክረውም። ቀለሙ የሚረግፍ ሥዕል ካገኛችሁ ወዲያው ዝጉት፤ «እንዳይከፈት» ብላችሁ መዝግቡና ባለሙያ ጥሩ። የፋይሉም ስም የመጽሐፉ ቁጥርና የቅጠሉ ቁጥር ይሁን።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር አጣሩ። ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተካሄደው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ ከ9 ሺህ በላይ መጻሕፍት ተነሥተዋል፤ ቅጂዎቹ አዲስ አበባ በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትና አሜሪካ ሚኒሶታ በሚገኘው ሂል ቤተ መጻሕፍት አሉ፤ ዶክተር ጌታቸው ኃይሌ ከባልደረባቸው ጋር በርካታዎቹን በዝርዝር ገልጸው አሳትመዋል። ገዳማችሁ በዚያ ውስጥ ካለ መጽሐፉ ከብዙ ዐሥርተ ዓመታት በፊት የነበረበትን ሁኔታ ማየት ትችላላችሁ። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ስለ ቀለሙ አይነግራችሁም፤ የትኛው ቅጠል የት እንደነበረ ግን ይነግራችኋል። ለንጽጽር ደግሞ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጀው መዝገበ ሥዕላት የተባለው የምስል ስብስብ ይጠቅማችኋል።

የተነቀሉት ቅጠሎች ነገር በዚህ ይገናኛል። ስፌት አዲስ ቀዳዳ ያበጃል፤ አዲሱ ቀዳዳ የድሮውን ምስክር ያጠፋል። እያንዳንዱን ልቅ ቅጠል በንጹሕ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ወይም አሲድ በሌለው ወረቀት ለየብቻ አኑሩ፤ «ልቅ 1»፣ «ልቅ 2» የሚል ጊዜያዊ ስም በመጠቅለያው ላይ ስጡ። ከዚያ መርምሩ። የክሩ ቀዳዳዎች ርቀት ከየትኛው መጽሐፍ ጋር ይገጥማል? በጀርባው ያለው ጽሑፍ ከየት ይቀጥላል? ብል የበሳው ቀዳዳ ብዙ ቅጠል አከታትሎ ስለሚያልፍ ቅርጹና ቦታው ከየትኛው ቅጠል ጋር ይገናኛል? የቀለሙ ጥላ የት አርፏል? ከእነዚህ ሁለት ወይም ሦስቱ ሲስማሙ «ከዚህ መጽሐፍ፣ ከቅጠል 5 በኋላ ሳይሆን አይቀርም» ብላችሁ ምክንያቱን ጻፉ። በጥራዙ ውስጥ በተሳሳተ ቦታ የተሰፋ ቅጠል ብታገኙም እንዳለ ተዉት፤ ትክክለኛው ቦታው በመዝገቡ ላይ ይቃና። ፕላስተርም፣ ሙጫም፣ በፕላስቲክ ማሸግም አይታሰብ።

መዝገቡ ሲያልቅ ሁለት ዓይነት ቅጂ ይኑረው። ሙሉው በገዳሙና በሀገረ ስብከቱ ይቀመጥ፤ መጽሐፉ የተቀመጠበትን ሣጥንና ክፍል የያዘው ክፍል ለውጭ ሰው አይሰጥ። ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ማስመዝገብን ደግሞ አትፍሩት፤ ያልተመዘገበ ቅርስ ሲጠፋ የማን እንደነበረ ማስረዳት ይከብዳል። በአሜሪካ ሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ የነበረ የደብረ ሊባኖስ ብራና መጽሐፍ በ2016 እ.ኤ.አ. ወደ ገዳሙ የተመለሰው፣ ቀደም ሲል በገዳሙ ሳለ በማይክሮፊልም ተነሥቶ ስለነበር ማንነቱ በማይካድ መንገድ በመታወቁ ነው።

የሥራውን ቅደም ተከተል በተመለከተ ቁርጥ ያለ ምክሬ ይህ ነው። በመጀመሪያ ሥዕል ያለውንም የሌለውንም፣ ሁሉንም መጽሐፍ በአጭሩ መዝግባችሁ ቁጥር ስጡ፤ ለእያንዳንዱ ከግማሽ ገጽ አይበልጥ። ይህ ሳያልቅ ወደ ሥዕል ዝርዝር አትግቡ። ቀጥሎ ሦስት ወይም አራት ሥዕል ብቻ ያለው አንድ መዝሙረ ዳዊት ምረጡና ዝርዝሩን በእርሱ ላይ ተለማመዱ፤ ሦስታችሁም ለየብቻ ጽፋችሁ አመሳክሩት፤ የተለያያችሁበት ሁሉ ቅጹ መስተካከል ያለበት ቦታ ነው። ቅጹ ሲጸና በተቀሩት ቀጥሉ። ያከራከራችሁን ወንጌል የመጨረሻው አድርጉት፤ በዚያን ጊዜ ጥራዝ መቁጠርና የተፋቀ ስም ማየት እጃችሁና ዓይናችሁ ለምዶታል። የመጨረሻውን ቅጠል ማስታወሻ ግን ዛሬውኑ፣ ቁጥሩንም ዙሪያውንም ሳትለውጡ፣ ገልብጣችሁ አስቀምጡት።